የ2,140 ዶላሩ ደብዳቤ፦ የአሜሪካ የጤና መድን እንዴት ከሥራ ጋር ታሰረ?

ባለፈው ክረምት፣ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ የአንድ ደብዳቤ ፎቶ ላከችልኝ። የድሮ ሥራዋን ለቃ አዲሱን ልትጀምር ሁለት ሳምንት ቀርቷት ነበር። ደብዳቤው የሚለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ በድሮው መሥሪያ ቤትሽ በኩል የነበረው የጤና ኢንሹራንስ እንዲቀጥልልሽ ከፈለግሽ፣ ላንቺ፣ ለባለቤትሽና ለሁለት ልጆችሽ በየወሩ 2,140 ዶላር ትከፍያለሽ። ከፎቶው ሥር የድምፅ መልእክት አለ። «አንቺ ኢንጂነር አይደለሽ እንዴ? እስቲ ይቺን አስይልኝ። ከደመወዜ የሚቆረጠው እኮ በወር አምስት መቶ ምናምን ነበር። አራት እጥፍ አደረጉት! ተሳስተው ነው አይደል?»

አልተሳሳቱም። ለምን እንዳልተሳሳቱ ላስረዳት ስሞክር ግን ነገሩ በአንድ የድምፅ መልእክት የሚያልቅ አልሆነም። ወደ ኋላ ስሄድ፣ ስሄድ፣ የዳላስ መምህራን ጋር ደረስኩ፤ ከዚያ በረሃ ውስጥ የውሃ መስመር የሚዘረጉ የቀን ሠራተኞች ጋር፤ ከዚያ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጋር። እናንተንም በዚያው መንገድ ይዣችሁ ልሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ግን ጉዳዩ ራሱ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ የመኪና ኢንሹራንስ የሚገዛው ባለመኪናው ነው፤ የቤት ኢንሹራንስ የሚገዛው ባለቤቱ ነው። አለቃው ዘንድ ሄዶ «መኪናዬን ኢንሹር አድርጉልኝ» የሚል ሰው የለም። ጤና ላይ ሲደርስ ግን ወደ 154 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መድኑን የሚያገኘው በራሱ ወይም በቤተሰቡ አባል መሥሪያ ቤት በኩል ነው። እዚያ ያሉት ዘመዶቻችን አንድ ሰው ሥራ አገኘሁ ሲላቸው፣ ደመወዙን ሳይጠይቁ «ቤነፊት አለው?» የሚሉት ወደው አይደለም።

ይኼንን ሥርዓት ማን ነደፈው? ማንም። ለጊዜው ተብሎ የቆመ ባላ፣ ቤቱ እየሰፋ ሲሄድ ዋና ምሰሶ ሆኖ እንደቀረ አድርጋችሁ አስቡት። አሁን ማንም ሊነቅለው አይደፍርም፤ ምክንያቱም ጣራው የተቀመጠው እሱ ላይ ነው።

የሃምሳ ሳንቲም መምህራን

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የሕክምና ወጪ የብዙ ሰው ራስ ምታት አልነበረም። ሕክምናው ራሱ ብዙ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረውማ! ሠራተኛ ሲታመም የሚያስጨንቀው የሐኪሙ ሂሳብ ሳይሆን ከሥራ በመቅረቱ የሚያጣው ደመወዝ ነበር። 1920ዎቹ ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ቀዶ ሕክምና ተሻሻለ፤ ራጅና ላቦራቶሪ የሆስፒታል የዕለት ተዕለት ሥራ ሆኑ። ሆስፒታል ድሃ ሊሞት የሚወሰድበት ቦታ መሆኑ ቀርቶ፣ ሰው ሊድን ብሎ የሚገባበት ቦታ ሆነ። ለመዳን ደግሞ ይከፈላል።

ቴክሳስ፣ ዳላስ ከተማ ያለው የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያልተከፈለ ሂሳብ ተከምሮበት ነበር። በ1929 ጀስቲን ፎርድ ኪምቦል የሚባል ሰው የዩኒቨርሲቲውን የዳላስ ክፍሎች እንዲመራ መጣ። ኪምቦል ሐኪም አልነበረም፤ ቀደም ሲል የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ነበር። የዕዳውን መዝገብ ሲያገላብጥ ታዲያ የሚያውቃቸውን ስሞች አገኘ፤ መምህራኑን።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር እኔን በጣም ነው የሚያስደስተኝ። በትምህርት ቤት ኃላፊነቱ ዘመን ለመምህራን የሕመም መደጎሚያ ፈንድ አቋቁሞ ስለነበር፣ ማን ስንት ቀን እንደታመመ የሚያሳይ መዝገብ ነበረው። ያንን መዝገብ ይዞ ቁጭ ብሎ አሰላ። አንድ መምህር በአማካይ ለሆስፒታል የሚያወጣው በወር 15 ሳንቲም ገደማ መሆኑን አገኘ። ዋጋውን ግን 15 ሳንቲም አላደረገውም፤ 50 አደረገው። እኛ ይኼን ሴፍቲ ፋክተር እንለዋለን፦ ድልድዩ ይሸከማል የተባለው 10 ቶን ከሆነ 30 ቶን እንዲችል አድርገህ ትሠራዋለህ፤ ምክንያቱም ስሌትህን የሚያስተማምንህ ነገር የለም። በ50 ሳንቲሙ አንድ መምህር በዓመት እስከ 21 ቀን ሆስፒታል መተኛት ይችላል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የቀረው ታሪክ በሙሉ የተንጠለጠለው እዚህች ነጥብ ላይ ነው። ኪምቦል ለምን ለመምህራን በቡድን ሸጠ? ለምን በሩን ከፍቶ «ሃምሳ ሳንቲም የከፈለ ይግባ» አላለም?

መልሱን እድር ያለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል። ብዙ እድሮች አዲስ ገቢን ዳጎስ ያለ የመግቢያ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ አንዳንዶቹ ነባር አባላት እስከዛሬ ካዋጡት ጋር እንዲስተካከል ያደርጋሉ። ክፋት አይደለም። ያለዚያ ሰው ቤቱ ውስጥ ታማሚ እስኪኖር ጠብቆ ሊመዘገብ ነው። የጤና መድንም ፈተናው ይኸው ነው። በሩን ለሁሉም ከከፈትክ ቀድሞ የሚመጣው የታመመው ነው፤ የታመመ ሲበዛ አረቦኑ ይጨምራል፤ አረቦኑ ሲጨምር ጤነኛው ይወጣል፤ ጤነኛው ሲወጣ አረቦኑ እንደገና ይጨምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ድርጅቱ ይከስራል።

የዳላስ መምህራንን አንድ ላይ የሰበሰባቸው ግን ሕመም አልነበረም፤ ጠመኔ ነው። መሥሪያ ቤት ማለት ለመታከም ብለው ያልተሰባሰቡ፣ አብዛኞቹ ሠርተው የሚያድሩ ጤነኞች የሆኑ ሰዎች ስብስብ ነው። በዚያ ላይ ክፍያው ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ቤት ለቤት እየዞሩ መሰብሰብ የለም። ለመድን ሰጪ ከዚህ የተሻለ ቡድን ከየት ይመጣል?

የቤይለር ዕቅድ በተጀመረበት ሰሞን ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት መጣ። ሆስፒታሎች አልጋቸው ባዶ ቀረና ሐሳቡን እየተሻሙ ወሰዱት፤ ብሉ ክሮስ የሚባለው ስም ከዚያ ተወለደ። በ1939 የካሊፎርኒያ ሐኪሞች የራሳቸውን አመጡ፤ የብሉ ሺልድ መነሻ እሱ ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ይኼን መድን የፈጠሩት ታካሚዎች አይደሉም። ሂሳባቸው እንዲከፈላቸው የፈለጉ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ናቸው።

ሚስማር የሚመታው ሐኪም

በ1933 ደግሞ ከዳላስ በጣም ርቆ፣ ካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ ውስጥ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከኮሎራዶ ወንዝ ወደ ሎስ አንጀለስ አካባቢ ውሃ የሚወስድ መስመር ይገነቡ ነበር። ሲድኒ ጋርፊልድ የተባለ ገና ሥራ የጀመረ ቀዶ ሐኪም «እዚህ ሰው ይጎዳል» ብሎ ዴዘርት ሴንተር በምትባል ቦታ 12 አልጋ ያላት ሆስፒታል ከፈተ። በሽተኛ አላጣም፤ ያጣው ገንዘብ ነው። የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ ሂሳቡን እየተከራከሩ ያዘገዩበታል፤ ከባድ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛም ወደ ከተማ ይወስዱበታል። ሆስፒታሏ ልትዘጋ ደረሰች።

ያዳናት ሃሮልድ ሃች የሚባል፣ ከመሐንዲስነት ወደ ኢንሹራንስ ሥራ የገባ ሰው ነው (በሙያ አጋሬ ብኮራ አትፍረዱብኝ)። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ሰው ሲጎዳ ጠብቀህ ከምታስከፍል ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በቀን 5 ሳንቲም አስቀድሞ ይከፈልህ። ሠራተኛው ራሱ ሌላ 5 ሳንቲም ከጨመረ ደግሞ ከሥራ ውጪ ላለ ሕመምም ይታከማል።

ከዚህ በኋላ ጋርፊልድ ላይ የመጣውን ለውጥ ተመልከቱ። በፊት ሰው ሲጎዳ ገቢ ያገኝ ነበር። አሁን ገንዘቡ ቀድሞ ገብቷል፤ ሰው ሲጎዳ ወጪ ነው። ሐኪሙ መዶሻ ይዞ ግንባታው ቦታ ላይ ይዞር ጀመር። ሚስማር እየረገጡ የሚመጡበት በዙና፣ ከእንጨት ላይ ያፈነገጡትን ሚስማሮች መምታት ቁስል ከማጠብ ረከሰበት። ያው ሐኪም፣ ያው በረሃ ነው፤ የተቀየረው የገንዘቡ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ሄንሪ ካይዘር የተባለው ትልቅ ሥራ ተቋራጭ ይኼንን አየና ጋርፊልድን በ1938 ዋሽንግተን ግዛት ወዳለው ግራንድ ኩሊ ግድብ፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ ሪችመንድ ወደሚገኙት የመርከብ ማምረቻዎቹ ወሰደው። መርከብ ማምረቻዎቹ ጦርነቱ ሲያልቅ ሠራተኞቻቸውን በተኑ፤ ሕክምናው ግን አልተበተነም። በ1945 ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ዛሬ ካይዘር ፐርማነንቴ የሚባለው እሱ ነው።

ደመወዝ ያልሆነ ደመወዝ

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ትንንሽ ሙከራዎች ናቸው። በ1940 የግል የጤና መድን የነበረው አሜሪካዊ ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። ነገሩን ያፈነዳው ጦርነቱ ነው።

ወጣቱ ዘምቷል፤ ፋብሪካዎች ሌት ተቀን ይሠራሉ፤ ሠራተኛ የለም። እንዲህ ሲሆን አሠሪ ምን ያደርጋል? ደመወዝ ይጨምራል። ሁሉም ደመወዝ ሲጨምር ደግሞ ዋጋ ይንራል። መንግሥት ይኼን ፈርቶ በጥቅምት 1942 በወጣ ሕግ ደመወዝን ገደበ። ታዲያ የጦርነት ጊዜ የሥራ ቦርዱ አንድ ቀዳዳ ተወ፦ አሠሪ ለሠራተኛው የሚከፍለው የመድንና የጡረታ መዋጮ፣ መጠኑ ካልተጋነነ፣ እንደ ደመወዝ አይቆጠርም አለ። ደመወዝ መጨመር የተከለከለ አሠሪ «እኔ ጋ ና፤ ሆስፒታል እከፍልልሃለሁ» ማለት ጀመረ።

የግብር ሰዎቹም በዚያው ሄዱ። በ1954 ጉዳዩ በግብር ሕጉ ውስጥ በግልጽ ተጻፈ፦ አሠሪ የሚከፍለው የጤና መድን ከሠራተኛው ግብር አይጠየቅበትም። ይቺ አንቀጽ ምን እንዳደረገች በቁጥር እንያት። ከተጨማሪ ገቢህ ላይ 30 በመቶ ግብር የምትከፍል ሰው ነህ እንበል። አሠሪህ 100 ዶላር በደመወዝ ቢጨምርልህ እጅህ የሚገባው 70 ነው። ያንኑ 100 በመድን ቢሰጥህ ግን የምታገኘው የ100 ዶላር መድን ነው። የትኛውን ትመርጣለህ? ግብሩ የሚበዛበት ባለ ትልቅ ደመወዝ ደግሞ ጥቅሙም ይበዛለታል። የቢሮው ፅዳት ሠራተኛና ሥራ አስኪያጁ አንድ ዓይነት መድን ይዘው፣ መንግሥት በተዘዋዋሪ የበለጠ የሚደጉመው ሥራ አስኪያጁን ነው። እኔ በበኩሌ ይኼ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

በ1950 የአሜሪካ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መድን ነበረው። በ1960 ከሦስት ሁለት እጁ አለፈ። በሃያ ዓመት!

ሌላ መንገድም ተሞክሮ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን በኅዳር 1945 ለሁሉም ዜጋ የሚሆን ብሔራዊ የጤና መድን ለኮንግረስ አቀረቡ። የሐኪሞች ማኅበሩ «ሶሻሊስት ሕክምና» ብሎ ዘመተበት፤ ሳይሳካ ቀረ። የሠራተኛ ማኅበራትም መንግሥትን መጠበቅ ትተው መድኑን ከአሠሪዎቻቸው ጋር በድርድር መውሰድ ጀመሩ። አንዴ የራሳቸውን ካገኙ በኋላ ለሌላው የሚጮኸው ድምፅ ቀነሰ።

ከሥራ ጋር የታሰረ መድን ሥራ የሌለውን ይጥላል፤ ይኼ የታወቀ ነው። ስለዚህ በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለአረጋውያን ሜዲኬርን፣ ለድሆች ሜዲኬድን ፈረሙ። የመጀመሪያውን የሜዲኬር ካርድ የወሰዱት ያኔ ሸምግለው የነበሩት ትሩማን ናቸው። ባላው አልተነካም፤ ጎኑ ላይ ሁለት ሌሎች ባላዎች ቆሙ እንጂ።

ማን ነው የሚከፍለው?

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ደብዳቤ እንመለስ። በየዓመቱ አሠሪዎችን የሚጠይቀው የኬኤፍኤፍ ጥናት እንደሚለው፣ በ1999 በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገኝ የቤተሰብ መድን አማካይ ዓመታዊ አረቦን 5,791 ዶላር ነበር። በ2024 ደግሞ 25,572 ዶላር ሆኗል። አንድ አዲስ መኪና መግዣ ማለት ነው፤ በየዓመቱ። ከዚህ ላይ ሠራተኛው ከደመወዙ ሲቆረጥ የሚያየው 6,296 ዶላር ነው፤ የቀረውን 19,276 ዶላር አሠሪው «ይከፍላል»።

«ይከፍላል» ያልኩትን በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ለአሠሪ አንድ ሠራተኛ ማለት አንድ ጠቅላላ ወጪ ነው፤ በደመወዝ ይውጣ በመድን ለእሱ ልዩነት የለውም። መድኑ ሲወደድ ደመወዙ ሳይጨምር ይቀራል። ይኼ ግምት ብቻ አይደለም። ጆናታን ግሩበር የተባለ ኢኮኖሚስት በ1994 ባሳተመው ጥናት፣ በ1970ዎቹ አንዳንድ ግዛቶች መድን የወሊድ ወጪን እንዲሸፍን ሲያስገድዱ ምን እንደተፈጠረ መረመረ። ወጪው ዞሮ ዞሮ ያረፈው በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶችና ባሎቻቸው ደመወዝ ላይ ሆኖ አገኘው።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ 2,140 ዶላሩን ስታይ አራት እጥፍ ጨመሩብኝ አለች እንጂ፣ የጨመረ ነገር አልነበረም። ድሮም ዋጋው ያ ነበር። ድሮም የምትከፍለው እሷ ነበረች፤ አብዛኛውን ግን ደመወዟ ላይ ሳይደርስ ስለሚወሰድ አታየውም። ደብዳቤው የቆየውን ሂሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ አስቀመጠው፤ በቃ።

ይኼ አረቦን ሌላም ክፋት አለው፦ በሰው ነው የሚቆጠረው፣ በደመወዝ አይደለም። በዓመት 40 ሺህ ዶላር ለሚያገኝ የመጋዘን ሠራተኛ 25 ሺህ ዶላር ምን ማለት እንደሆነ፣ 250 ሺህ ለሚያገኝ ኃላፊ ደግሞ ምን እንደሆነ አስቡት። እዚህ አገር በእኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ለብዙ ዓመት ሥራ ላይ ሳይውል ቢቆይም፣ የታሰበለት መዋጮ ከደመወዝ 3 በመቶ ከሠራተኛው፣ 3 በመቶ ከአሠሪው ነበር። መቶኛ ሲሆን ትንሽ የሚያገኝ ትንሽ ያዋጣል። የአሜሪካው እንደዚያ አይደለም።

ካርድ ይዞ ቤት መቅረት

እሺ፣ ውድ ነው። ቢያንስ ይበቃል ወይ?

እዚህ ላይ «ዲዳክቲብል» የሚሉትን ነገር መረዳት አለባችሁ። የመኪና ኢንሹራንስ የምታውቁ «ኤክሰስ» ከሚባለው ጋር አዛምዱት፦ መድኑ ወጪህን መጋራት ከመጀመሩ በፊት አንተ ከኪስህ የምትጨርሰው መጠን ነው። በ2024 ለአንድ ሰው በአማካይ 1,787 ዶላር ነበር፤ አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ላይ ከዚያም ይብሳል። አረቦኑን በየወሩ እየከፈልክ ማለት ነው። ከዚያ በኋላም ድርሻህ ይቀጥላል፤ በሕግ የተቀመጠው ጣሪያ በ2024 ለአንድ ሰው 9,450፣ ለቤተሰብ 18,900 ዶላር ነበር።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ሐኪም ቤት ነፃ ከሆነ ሰው ያለ ነገሩ ይመላለሳል፤ ከኪሱ ሲያወጣ ግን ያስብበታል የሚል ሐሳብ አለ። ሐሳቡን ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ1970ዎቹ ተጀምሮ እስከ 1982 በቆየ ትልቅ ሙከራ ፈትኖታል። ወደ 2,750 ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፍሎ፣ አንዳንዱን በነፃ አሳከመ፣ አንዳንዱን ከሂሳቡ 25፣ 50 ወይም 95 በመቶ አስከፈለ። 95 በመቶ የሚከፍሉት ሕክምና ላይ ያወጡት በነፃ ከሚታከሙት በ30 በመቶ ገደማ አነሰ። የብዙዎቹም ጤና አልተጎዳም።

እስከዚህ ድረስ ዲዳክቲብልን የሚወዱ ሰዎች ይጠቅሱታል። ቀጥሎ ያለውን ግን ብዙም አያነሱትም። ሰዎቹ የቀነሱት የማያስፈልጋቸውን ሕክምና ብቻ አልነበረም፤ የሚያስፈልጋቸውንም በዚያው መጠን ቀነሱ። ሰው ሆዱን ሲቆርጠው ጨጓራ ይሁን ትርፍ አንጀት በምን ያውቃል? ድሃና ታማሚ ከሆኑት መካከል በነፃ የታከሙት የደም ግፊታቸው በተሻለ ተቆጣጠረ። ከሁሉም በላይ ሙከራው ውስጥ አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚያወጣው ከገቢው የተወሰነ መቶኛ እንዳያልፍ ገደብ ነበረው። ያኛው ገደብ ከገቢ ጋር የተያያዘ ነበር፤ የዛሬው ዲዳክቲብል ግን ባብዛኛው ለፅዳት ሠራተኛውም ለኃላፊውም አንድ ነው። ሙከራው የተደረገው በአንድ ዓይነት ድልድይ ላይ፣ ግንባታው የተሠራው በሌላ ዲዛይን።

የአክስቴ ልጅ ድሮም ካርድ ነበራት። ካርድ ይዛ ግን ትንሹ ልጇ በሌሊት ሲያተኩሰው ድንገተኛ ክፍል ልውሰደው ወይስ ይንጋ ብላ ስታሰላ ያደረችበትን ሌሊት ነግራኛለች። ዓመቱ ገና መጀመሩ ስለነበር ከዲዳክቲብሉ ላይ ምንም አልተነካም። ነጋ፤ ልጁም ደህና ሆነ። «ግን ባይሆንስ?» አለችኝ። ምን እንደምላት አላወቅሁም።

በ2010 የወጣው የኦባማ የጤና ሕግ ጥሩ ነገሮችን ጨምሯል። የቆየ ሕመም አለብህ ብሎ መከልከል ቀረ፤ በሕይወት ዘመንህ ከዚህ በላይ አንከፍልም የሚለው ጣሪያ ተነሣ፤ 50 እና ከዚያ በላይ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ድርጅት መድን እንዲያቀርብ፣ ካላቀረበ እንዲቀጣ ተደረገ። የሚቀርበውም ቢያንስ ከአማካይ ወጪ 60 በመቶውን መሸፈን አለበት። ነገር ግን «አቅምን ያገናዘበ» የሚባለውን ሲለኩ ለረጅም ጊዜ የሚያዩት ሠራተኛው ለብቻው የሚከፍለውን ብቻ ነበር። ለብቻው ርካሽ፣ ለቤተሰቡ ግን የማይቀመስ ከሆነስ? ቤተሰቡ ከመንግሥት ድጎማም ተከልክሎ ይቀር ነበር። ይቺ ስህተት የተስተካከለችው በ2022 በወጣ ደንብ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ።

ሥራ ለመልቀቅ መፍራት

በ1994 ብሪጂት ማድሪያን የተባለች ኢኮኖሚስት አንድ ነገር ለካች፦ መድን ለማጣት የሚሰጉ ሰዎች ሥራ የመቀየር ዕድላቸው ምን ያህል ይቀንሳል? በ25 በመቶ ገደማ። የማትወደው ሥራ ላይ፣ የማትስማማው አለቃ ሥር፣ በልጅህ አስም ምክንያት መቀመጥ ማለት ነው። ሚያዝያ 2020 ላይ በኮቪድ ምክንያት በአንድ ወር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ብዙ ሰው ሐኪም በሚፈለግበት ወር ከሥራው ጋር ካርዱንም አጣ።

ለዚህ ለሥራ መልቀቂያው ቀዳዳም መደፈኛ አለው። በ1986 የተፈረመ ኮብራ የሚባል ሕግ፣ ሥራ የለቀቀ ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ 18 ወር በድሮው መድን እንዲቀጥል ይፈቅዳል፤ ሙሉውን አረቦን፣ የአሠሪውንም ድርሻ ጨምሮ፣ ላዩ ላይ 2 በመቶ ለአስተዳደር እስከመክፈል ድረስ። የደብዳቤው ስሌት እንግዲህ ይኸው ነበር። የ2024ን አማካይ 25,572 ዶላር ወስጄ 2 በመቶ ጨምሬ ለ12 ሳካፍለው 2,174 ዶላር መጣልኝ። የእሷ 2,140 ከአማካዩ እንዲያውም ትንሽ ያንሳል።

አዲሱ ሥራዋ መድን አለው። ግን መቆያ ጊዜ አለው፤ ሕጉ እስከ 90 ቀን ይፈቅዳል። ስለዚህ ሦስት ወር ያህል አራት ሰው ያለ መድን፣ ወይም ስድስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዶላር።

ሳነብ አንዲት ነገር አግኝቼ ደወልኩላት። ኮብራን ለመምረጥ 60 ቀን ይሰጣል፤ ከመረጥሽ ደግሞ ሽፋኑ መድኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ይታሰባል፤ የኋላውን አረቦን እስከከፈልሽ ድረስ። ማለት ለሁለት ወር ምንም ሳትከፍይ መጠበቅ ትችያለሽ። ማንም ካልታመመ ደብዳቤውን ትቀጂዋለሽ፤ አንዱ ከታመመ ትፈርሚያለሽ።

«እና ከ60 እስከ 90 ያለውስ?» አለችኝ።

«እሱን ያለፉትን ሁለት ወራት ጭምር መክፈል ነው፣ ወይ መጸለይ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ማታ ሌላ ፎቶ ላከችልኝ። ደብዳቤው ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል፤ ሥሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስልሳኛው ቀን ተጽፏል። ጎኑ ላይ ደግሞ የትንሹ ልጅ የእግር ኳስ ልምምድ ፕሮግራም አለ፤ በእሱም ላይ በዚያው ቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበታል፣ እስከዚያ ቀን ድረስ።